የአጎቴ አንደበት

ትናንት ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት የተኛው ባለቤቴ የውሃውን ብርጭቆ እያየ «እሳት ስጪኝ» ሲለኝ ክው አልሁ። አጎቴም በጣልያን ጊዜ፣ ቡሬ ሳለን፣ እንዲሁ ቃሉ ጠፍቶበት ነበር።

አጎቴ ጣልያኖች ሰፈር ማር እየሸጠ፣ ያየውን ሁሉ ለአርበኞች በስውር ይነግር ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀ። ስናነሳው አፉ ተጣሟል፤ ቀኝ እጁም አልታዘዝ ብሎታል።

በሦስተኛው ቀን ከአርበኞቹ አንዱ እንግዳ መስሎ መጣ። «ወታደሩ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ቢለው፣ አጎቴ «ማር፣ ማር» አለ። ደጋግሞ ቢጠይቀውም መልሱ ያው ነው። ላብ አጠመቀው።

«ይህን አፍ ደዌ ነው ያሰረው? ወይስ ጣፋጭ ነገር ቀምሶ ይሆን?» አለ ሰውየው እናቴን እያየ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ወንድሜ ታሞ ነው! እጁን አያዩትም?»

እኔ ግን ልጅ ነበርሁና፣ ጣፋጭ ሲል የገባኝ ሌላ ነበር። «አዎ፣ ጣልያኖቹ ስኳር ሰጥተውታል፤ ለእኔም አምጥቶልኛል» አልሁ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አርበኞቹ አልገደሉትም። ከዚያ ወዲያ ግን ቤታችንን የረገጠ አልነበረም። እኔም ብሆን፣ ብቻውን ሲሆን ይናገር እንደሆነ ብዬ ከበር ኋላ አደምጠው ነበር። ጣልያን ሳይወጣ ሞተ።

ዛሬ ሐኪሙ «ደም ሲቋረጥባቸው፣ ቃል የሚያወጡት የአንጎል ሴሎች ይሞታሉ» ብሎ አስረዳኝ።

«ታዲያ እኛ የምንለው ይገባው ነበር?» አልሁት።

«ይገባቸዋል እንጂ፣ እማማ» አለኝ፤ ስለ ባለቤቴ የጠየቅሁት መስሎት።