ውሃ የበዛበት ሐረግ

ባለቤቴ ሐረጉን ያመጣው ከመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ቆርጦ፣ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሰክቶ ነው። ሴቻ ሰፈር ቤት በተከራየንበት ዓመት መሆኑ ነው። በኋላ ከሰፈር ባገኘው ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ተከለው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ተስማምቶት ቅጠሉ ብዙም ሳይቆይ መዳፍ አከለ። ባለቤቴ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ሚስማር እየመታ፣ በክር እያሰረ መራው፤ ከዋናው በር ጥግ ተነሥቶ ከመስኮቱ በላይ አለፈና ቴሌቪዥኑን ዞረ።

ኩላሊቱን ሲታመም ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት መረጠ። የሐረጉ ጫፍ ያኔ ወደ መኝታ ቤቱ በር እየተጠጋ ነበር። ጠዋት ስነሣ፣ "ዛሬ ትንሽ ሄዷል" ይለኛል። እኔ ለውጡ አይታየኝም። ቢሆንም፣ "አዎ፣ ሄዷል" እለዋለሁ። ሐረጉ በሩ ጋ ሳይደርስ ባለቤቴ ዐረፈ።

እናቱ ልጃቸውን ለማስታመም ከደጋው ከገረሴ ወርደው ከርመው ስለነበር፣ ከቀብሩም በኋላ አብረውኝ ቆዩ። አማቴ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ሴትና ወንድ ሳይለዩ እኔንም "ና ብላ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሌላ አገር ያደግሁ ነኝና ጋሞኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ባለቤቴ ነበር መካከላችን ሆኖ የሚያግባባን። ከእሱ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብለን እንቀመጥ ነበር።

በለቅሶው ሰሞን ቤቱ በሰው ሞላ። የመጣው ሁሉ ከብርጭቆው የተረፈውን ውሃ ባልዲው ውስጥ ይደፋ እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቶ ነው። ያኔ ዓይኔ ምንም አያይም ነበር። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄዶ ጸጥ ሲል ግን የሐረጉ ቅጠል ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆኖ መርገፉን አየሁ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ብሰድ ጭቃ ነው፤ ይሸታል። ባልዲው ከታች ቀዳዳ የለውም። ግንዱን ስነካው እንደ በሰበሰ ሙዝ ለሰለሰ። ጤነኛ ሆኖ የቀረው ከመስኮቱ አልፎ ያለው ብቻ ነበር።

"እማዬ፣ ሥሩ በስብሷል" አልኳቸው። "ደህናውን ቆርጠን ውሃ ውስጥ ካላስቀመጥነው ሁሉም ይሞታል።"

"አትቁረጥ" አሉኝ። "እሱ ያሰረውን አትቁረጥ።"

"ከተውነውም እኮ ይጠፋል።"

ቅዳሜ ከሰዓት መቀሱን በአልኮል ጠርጌ ስመጣ ግን ተነሥተው አጠገቤ ቆሙ። "ክሩን እኔ እፈታለሁ" አሉ።

የልጃቸው ቋጠሮ ጠበቅ ያለ ነበር። በጥፍራቸው አንድ በአንድ ፈቱት፤ ክሩንም ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሐረጉ ከግድግዳው ወርዶ መሬት ላይ ሲጋደም ክፍሉ ባዶ ሆነብኝ። የላሸቀውን ግንድ ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ እየቆረጥኩ ጣልኩ። ደህናውን ደግሞ ሥር የሚያወጣው አንጓው ስለሆነ፣ ከየአንጓው ዝቅ እያልኩ ቆራረጥኩት። አማቴ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች እያቀረቡልኝ ነበር።

"ምን ነካው? በሽታ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ውሃ በዝቶበት ነው" አልኩ፣ ሳላስበው።

እጃቸው ቆመ። "እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ። ጠምቶታል ብዬ።"

"እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ለቀስተኛው ሁሉ ሲደፋበት ነው የከረመው።"

የሰሙኝ አይመስሉም። መሬት ላይ ተቀመጡና ጀርባቸውን ለሶፋው ሰጡ። "ለልጄም ሰጥቻለሁ" አሉ።

የባለቤቴ ኩላሊት ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው ሐኪሙ በቀን የሚጠጣውን ወስኖለት ነበር። እየለካሁ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።

"አንተ ከቤት ስትወጣ ይለምነኛል" አሉኝ። "'እናቴ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ' ይላል። ልጅ ውሃ ሲል እናት ምን ይላል?"

መቀሱን አስቀመጥኩ። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ጊዜ ልመናውን ችዬ፣ "ጨካኝ ነሽ" ብሎኝም ውጬው ነበር። የጠማው በእኔ እጅ፣ የረካው በእሳቸው እጅ መሆኑ አቃጠለኝ። ቅናት ይሁን ንዴት ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"ሐኪሙ ለብቻዬ ነግሮኛል፤ ኩላሊቱ ቀድሞውኑ አልቆ ነበር። የወሰደው የእርስዎ ውሃ አይደለም።"

ሐኪሙ አልቆ ነበር ማለቱ እውነት ነው። ውሃው ምን እንዳደረገ ግን ጠይቄው አላውቅም። አማቴ በጋሞኛ የሆነ ነገር እያሉ ለረጅም ሰዓት አለቀሱ። ቃሉን ባልሰማውም አብሬ አለቀስኩ።

ጠርሙሶቹን ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት ላይ ደረደርናቸው። ውሃው እንዳይበላሽ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበረበት። "እርስዎ ይቀይሩልኝ" ብላቸው እምቢ አሉ። ደጋግሜ ስለምናቸው እሺ አሉ፤ ግን እኔ አጠገባቸው ካልቆምኩ ጠርሙሱን አያነሡም። ከቁራጮቹ ገሚሱ ውሃው ውስጥ በሰበሰ። ሁለቱ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ሥር አወጡ። ከኩልፎ ወንዝ ዳር አሸዋ አስመጥቼ ከአፈር ቀላቀልኩ፤ የባልዲውንም ቂጥ በጋለ ሚስማር በሳሳሁትና ተከልናቸው። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ውሃ እንደሚጠጣ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከትተው ከሳሎን ይጠሩኛል፤ "ና፣ እየው። ደረቅ ነው?" ደረቅ ነው ብላቸውም ጣሳውን ለእኔ ያቀብሉኛል።

ወደ ገረሴ ሲመለሱ አንዱን ይዘው እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

"እዛ ብርድ ነው" አሉ። "ደግሞ እኔ ጋ አይሁን" አሉኝ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ጉልበታቸው ስለደከመ ከዚያ ወዲህ አልወረዱም። ደውዬላቸው ስንነጋገር ምን እንደበላሁ ይጠይቁኛል፤ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጤናዬም ያነሣሉ። ሐረጉን አንሥተው አያውቁም፤ እኔም አላነሣባቸውም።

አሁን ቅጠሎቹን አንዳንዴ በእርጥብ ጨርቅ ከአቧራ እወለውላለሁ። ሐረጎቹ ከቁመቴ በላይ ሲያልፉ እቆርጣቸዋለሁ፤ ወንበር ላይ ወጥቶ ሚስማር የሚመታልኝ ሰው የለም። የተቆረጠውን ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ጫፉ ሲቆረጥ ከጎኑ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል ይባላል። ከሁለቱ አንዱ አውጥቷል፣ ሌላው ገና ነው።