ከ«ሌሎች» ሥር

በደሉን አስቀድሜ ልናገር። የእኛ የአምቦ ሴቶች ማኅበር ድረ ገጽ በተመረቀበት ቀን እህሉ ከላይ ተጽፎ ነበር፤ ቅቤው ከላይ፣ ማሩ ከላይ፣ ጥልፉም ከላይ። ሸክላው ግን «ሌሎች» ከሚል ቃል ሥር ተደብቆ ነበር። በማኅበሩ ውስጥ ሸክላ የምሠራው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዳይረሳብኝ እፈልጋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ከደጅ ያደሩ ጀበናዎቼን ካፊያ አገኛቸው። ሸክላ ውሃ ሲነካው የሚሸተውን ታውቂያለሽ አይደል፣ ልጄ? የደረቀ መንገድ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ እንደ ወረደ ያለ ሽታ ነው። እሱ ሲሸተኝ ያ ዓመት ተመልሶ መጣብኝ፤ የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ትማር የነበረበት፣ በየማታው ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ከባጃጅ የምትወርድበት ዓመት።

ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር ስትሄድ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። መመረቂያ ሥራዋ እንዲሆን የማኅበራችንን ድረ ገጽ ልሥራ ብላ ስትነሳ ደስታዬን የት ላድርገው! በመስኮቱ በኩል የምትገባው የማታ ፀሐይ ፊቷ ላይ ታርፋለች፤ እሷ የላፕቶፑን ቁልፍ ትጫናለች፤ እኔ ከታች ተቀምጬ የድስቱን ሆድ በጠጠር አለሰልሳለሁ። የጠጠሩ ድምፅና የቁልፉ ድምፅ ይቀባበሉ ነበር።

«አኮ፣ ነይ እዪ!» ትለኛለች። በኛ ቤት አያት አኮ ነው የምትባለው።

«እጄ ጭቃ ነው።»

«በዓይንሽ ነው እንጂ በእጅሽ እዪ መቼ አልኩሽ!»

ተነሥቼ አያለሁ። ድረ ገጹን ከባዶ አልነበረም የምትሠራው። ቴም የሚሉት ዝግጁ መልክ አለ፤ እንደ ተሰፋ ቀሚስ ነው። እሱን ወስዳ በኛ ልክ ታጠብበዋለች፣ ታሳጥረዋለች። ከሁሉ አናት ላይ ሜኑ የሚባል መስመር አለ፤ የሸቀጦቹ ስም የሚጻፈው እዚያ ነው። እሷ በምትሠራበት በኩል ግን ስሞቹ አንዱ ካንዱ በታች እንደ ጡብ ተደርድረው ነው የሚታዩት። አንዱን ጡብ በማውስ ይዛ ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ ካደረገችው፣ ከበላዩ ላለው ልጅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ገጹን የሚከፍት ሰው አያየውም። እናትየውን ሲነካት ብቻ ወደ ታች ይዘረገፋል።

«እናትየውን ያልነካ ሰውስ?» አልኳት።

«አያየውማ።»

«ታዲያ ምን በወጣው ከሥር ይገባል?»

«ቦታ ይጠባላ፣ አኮ! ሁሉም ከላይ ከተደረደረ ገበያ ይመስላል።»

«ገበያ ነን እኮ!»

እስክትደክም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የዚያን ጊዜ ሳቋ አሁን በስልክ ከምሰማው ሌላ ነበር፤ አፏን ሳትሸፍን ነበር የምትስቀው።

ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ሆዴ ገባ። እኔ ጊንጪ ነው ያደግሁት። በልጅነቴ የጊንጪ ገበያ ሥርዓት ነበረው፤ ጤፍና ስንዴው ከፍ ካለው ሜዳ ላይ፣ ቅቤው ከዛፎቹ ጥላ፣ ከብቱ ወደ ዳር። እኛ ሸክላ ሠሪዎቹ ከታች፣ ቆሻሻው ውሃ ከሚወርድበት ቦይ ዳር ነበርን። ማንም አልጻፈውም፤ ግን ማንም አይስተውም። ገዢው ገንዘቡን በእናቴ እጅ አያኖርም ነበር፤ ሣሩ ላይ ጥሎላት ድስቱን አንሥቶ ይሄዳል። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው የልጁን ፊት በጋቢው ይሸፍናል። ቡዳ ናቸው ይባል ነበርና ዓይናችን እንዳያርፍበት ነው። እናቴ ይህን ሁሉ ያላየች ትመስላለች። እኔ ግን የሚሸፈነውን ልጅ እያየሁ ፊቴ ይቃጠል ነበር። ዓይኔን የት እንደማሳርፈው አላውቅም፤ ቦዩን ሳይ እውል ነበር።

ስለዚህ ለልጅ ልጄ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። «የፈለግሽውን ከፈለግሽው ሥር አድርጊ። እኛን ግን ከሰው እኩል አስቀምጪን።»

«ኤዬ፣ አኮ፣» አለችኝ። እሺ ማለቷ ነው።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። የከተማው እንግዶች መጡ፣ አስተማሪዋ መጣ፣ የክፍሏ ልጆችም ከኋላ ረድፍ ተቀምጠው ይንሾካሾኩ ነበር። መጋረጃው ሲዘጋ ገጹ ግድግዳው ላይ በራ። እኔ የተማርኩት ከመሠረተ ትምህርት ብዙም ያልዘለለ ነው፤ አማርኛውን ግን አነባለሁ። አነበብኩ። እህል፣ ቅቤ፣ ማር፣ ጥልፍ፣ ሌሎች። ዳግመኛ አነበብኩ። የልጅ ልጄ እየነካካች የቅቤውን ገጽ ከፈተች፤ የቅቤ ነጋዴዋ ስም ከነአባቷ ስም በትልቁ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ማሩን ከፈተች። ጥልፉን ከፈተች። «ሌሎች» የሚለውን ግን ሳትነካው «አመሰግናለሁ» ብላ ልትቀመጥ ነው።

«ሸክላውስ?» አልኩ ከተቀመጥኩበት።

ልጅቱ ማውሱን እንደያዘች ቀረች። «አለ... ከሥር ነው...»

«ከምን ሥር?»

 የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ ልጅቱን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «እኔ ነኝ እንደዚያ አድርጊ ያልኳት። ቦታ ጠቦ ነው። ተቀመጪ።»

«ለቅቤሽ ያልጠበበ ቦታ ለእኔ ድስት ጠበበ?»

«አዴ፣ እንግዳ ፊት ነን፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። አዴ የሚለው አክብሮት ያን ቀን ጥፊ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

«እንግዳውም ይስማ! ድስት ባይኖር ቅቤሽን በምን ታነጥሪው ነበር? ሸክላ የምሠራ እኔ ነኝ፤ ይህችን ያሳደግኩም፣ ይህን እንድትሠራ ያስተማርኩም በሸክላ ነው። የልጅ ልጄ ናት!»

ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ። ትንሽ ሳቅ ናት፤ በአፍንጫ የምትወጣ ዓይነት። ከእግሬ ጀምሮ ሙቀት ወጣብኝ። የጊንጪው ቦይ ሸተተኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ነጠላዬን ሰብስቤ ስወጣ ልጅቱ ትከተለኛለች ብዬ ነበር። አልተከተለችኝም።

በማግስቱ ከቤት ሆና አስተካከለችው። ሳታየኝ፣ ያንን ጡብ ይዛ ወደ ግራ ሳብ አደረገችው፤ አለቀ። ሸክላ በማርና በጥልፍ መካከል ገባ። የጠበበ ነገር አልነበረም፤ መስመሩ ገና ሌላም ይይዝ ነበር። ይህን ባየሁ ጊዜ ደግሞ የባሰ አፈርኩ። ያን ያህል ቀላል ነገር ተነፍጎን ነው እኔ በሰው ፊት የጮህኩት።

ከቅቤ ነጋዴዋ ጋር ተኳረፍን። እንደ ሰው ሰላም እንባባል ነበር፤ ሰላምታው ግን ከጥርስ አያልፍም። አንድ ጊዜ ገበያ መካከል አቆምኳትና «ምን በድዬሽ ነው?» አልኳት።

«ሸክላሽ ወደ ላይ ወጥቷል አይደል? ተይው በቃ።»

«ምክንያቱን ንገሪኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ መልስ ካላገኘሽ እንቅልፍ አይወስድሽም?» ብላኝ እየሳቀች ሄደች። እየሳቀች! ለጎረቤት ሁሉ፣ ልቧ እንደ ቅቤዋ ቢሆን ኖሮ በፀሐይ ይቀልጥ ነበር እያልኩ አማኋት። እሷ ስለኔ ክፉ ወጥቷት አልሰማሁም። ከሰው የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ልጅቱ እንዴት ናት? ትምህርቷን ጨረሰች?»

ልጅቱ ጨረሰች። አዲስ አበባ ሥራ ያዘች፤ ለሌሎች ሰዎች ድረ ገጽ ትሠራለች። እኔም በመጣች ቁጥር እጠይቃታለሁ፣ ያ ነገር ለምን ሆነ እያልኩ። «ቦታ ጠቦ ነው፣ አኮ፣» ትለኛለች፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው።

ባለፈው ክረምት ቅቤ ነጋዴዋ አረፈች። ለቅሶ ሄድኩ፤ ቂም ከያዙበት ሰው ለቅሶ እንኳ መቅረት በኛ አገር ነውር ነው። የልጅ ልጄ ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ያልጠራኋት ልጅ ከአዲስ አበባ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ እንደ ሥጋ ዘመድ አለቀሰች። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩን። እኔ ለባሌ እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ክንዴን ይዛኛለች። ድንኳኑ ከዓይናችን እስኪጠፋ ታግሼ «ለዚያች ሴት ይህን ያህል?» አልኳት። «እኔን ከሰው በታች ላስቀመጠች?»

ቆመች። ባጃጅ እየረጨን አለፈ፤ ቀሚሷን እንኳ አላራገፈችም። ክንዴን ለቀቀችኝና እጇን ወዴት እንደምታደርገው ያጣች ይመስል ደረቷ ላይ አጣመረችው።

«እሷ ምንም አላዘዘችኝም፣ አኮ። ሸክላውን ወደ ቀኝ የገፋሁት እኔ ነኝ። የክፍሌ ልጆች ይመጣሉ፤ ሸክላው ከላይ ከሆነ ይከፈታል፣ ከተከፈተ ስምሽ ይወጣል፣ ያንቺ የአባት ስም ደግሞ የኔም ነው፤ ትምህርት ቤት ስታስገቢኝ በአባትሽ ስም ነው ያስመዘገብሽኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዳያውቁብኝ ነበር። እሷ ፊቴን አይታ ጥፋቴን ተሸከመችልኝ።»