ተቀባይ ያገኘ ጸሎት

ሙዓይዘር ሰፈር በሠራተኝነት በገባሁበት የዓረብ ቤት ድምፄን አውጥቼ የምጸልይበት አንድ ክፍል ብቻ ነበረኝ፤ የአሠሪዎቼ ልጅ ክፍል። ልጅቷ ስትወለድ ጀምሮ አትሰማም። ከሰዓት በኋላ ደረቴ ላይ ትተኛለች፤ መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ ትለጥፋለች፤ እኔም እግዚኦታዬን አደርሳለሁ። እግዚኦታ መሪና ተቀባይ ይፈልጋል። አርብ አርብ ፈቃድ ሳገኝ፣ አቡ ሃሙር ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ይመራል፣ እኛ እንቀበላለን። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን መሪም ተቀባይም እኔው ነበርኩ።

ከኛ ግቢ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ የምትሠራ እህታችን፣ "ልጄን ሃይማኖቷን አስተማረችብኝ" ተብላ በሳምንቷ አገሯ ተሸኝታለች። እኔ ግን አልፈራሁም። ለማትሰማ ልጅ ምን አስተምራለሁ?

አራት ዓመት ሲሞላት ለአዲሱ ሕክምና ውጭ አገር ወሰዷት። እናቷ፣ ማዳም፣ ሻንጣ እያስያዘችኝ አስረዳችኝ። የልጅቷ ጆሮ ውስጥ ድምፁን ወደ አንጎል የሚያሻግረው ነገር ሲፈጠር ጀምሮ ጎድሏል። ሐኪሞቹ ያን የሚያሠራውን ትእዛዝ ቫይረስ ላይ ጭነው ጆሮዋ ውስጥ ይጨምሩላታል።

"ቫይረስ?" ብዬ አማተብኩ።

"በሽታው ወጥቶለታል። ታክሲ በይው፤ ሰው አድርሶ ይሄዳል። ከዚያ ኢንሻአላህ..." አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

ከተመለሱ በኋላ ሳምንታት አለፉ። ማዳም ከኋላዋ ታጨበጭባለች፣ የድስት ክዳን ታጋጫለች፣ ስሟን እየጠራች ትጮኻለች። ልጅቷ ዞር አትልም። ሐኪሙ፣ "ታገሱ፤ በሚቀጥለው ምርመራ ምልክት ካላየን መሣሪያ በቀዶ ሕክምና እንተክልላታለን" አላቸው። ማዳም ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ያን ትንሽ ራስ ዳግመኛ ለቢላ መስጠት አልሆነላትም።

ከዚያ ልጅቷ ግድግዳ ፊት መቆም ጀመረች። መጫወቻዋን ትጥልና ትሄዳለች፤ ግንባሯን አስጠግታ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ትቆማለች። ስጎትታት እየተቆጣች ተመልሳ እዚያው። አብሳይዋ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ በር ላይ ሆና አየቻትና ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"እኔ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ፎቅ አልወጣም። ይቺ ልጅ የምታወራው ሰው አላት።"

"አንቺ ደግሞ! ቢስሚላህ በይና ግቢ።"

"አንቺው ግቢ፤ ማተብ ያለሽ አንቺ!"

ስቄ ሸኘኋት። ከዚያ ብቻዬን ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ስቆይ፣ ከሩቅ፣ ከግድግዳው ሆድ ውስጥ፣ በቧንቧ የሚንጠባጠብ ውሃ ሰማሁ። ለእናቷ ጩኸት ያልዞረች ልጅ ይህን ነው የምትሰማው? ምናልባት ጆሮዋ ተከፍቶ ሳለ፣ ድምፅ ከሰው እንደሚመጣ የነገራት ስላልነበረ ይሆን?

በነጋታው ደረቴ ላይ እንደተኛች መርቼ፣ እኔው ለመቀበል ትንፋሽ ስስብ፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ቀደመኝ። ቃል አልነበረውም። ዜማው ግን የኔ ነው፤ መውጫውም መውረጃውም የኔ።

ለአብሳይዋ ወርጄ ነገርኳት። ቢላዋዋን ከሽንኩርቱ አነሳች።

"ዝም በይ እሺ? የልጅቷ የመጀመሪያ ድምፅ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ፣ እሷን ያክማሉ፣ አንቺን በአውሮፕላን ይሸኙሻል። ኸላስ፣ አፍሽን ያዢ!"

ያዝኩ። ጸሎቴን በልቤ አደረግሁት። ልጅቷ መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ሲቀርባት ትነሳና ወደ ግድግዳዋ ትሄዳለች። ድምፅም አላወጣችም።

የምርመራው ዋዜማ ማዳም ኩሽና ገባች። ፊቷ አብጦ ነበር።

"ነገ ለቀዶው እሺ እንላለን። ምንም የለም። ምንም አልሰማችም" አለች።

አብሳይዋ ከማዳም ኋላ ሆና ዐይኗን አፈጠጠችብኝ። እኔ ግን በጸሎት ያገኘሁትን በዝምታ መቅበር እንዴት ይሆንልኛል? የማምነው አምላክስ በምን ዐይኑ ያየኛል?

"ማዳም፣ ነይ ላሳይሽ" አልኳት።

ልጅቷ ግድግዳው ፊት ነበረች፣ ጀርባዋን ሰጥታን። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ፤ እጇ አይደርስብኝም፣ ከንፈሬን አታይም። "እግዚኦ" ብዬ መራሁ።

ኤሲው ብቻ ያጉረመርማል። ከዚያ ልጅቷ፣ ሳትዞር፣ በዜማው ተቀበለች።

ማዳም የበሩን መቃን ያዘች። "ምንድን ነው ያለችው?"

"ጌታ ሆይ፣ ማረን የምንልበት ነው። ጸሎቴ ነው ማዳም። እዚህ ስጸልይ ኖሬያለሁ።"

"ያ ረብ" አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለአምላኳ። ቀጥላም፣ "ድገሚው።"

ደገምኩ። ልጅቷም ተቀበለች። ሦስተኛውን ልጀምር አፌን ስከፍት፣ እኔ ሳልመራ፣ ግድግዳዋን እያየች ሌላ ዜማ አወጣች። ዝግ ያለ፣ የሚጎተት፣ ልቅሶ የመሰለ። የሰሙነ ሕማማቱ ኪርያላይሶን ነው። ያን ዜማ ያዜምኩት ለሕክምና ከመሄዳቸው በፊት፣ በጾሙ መጨረሻ ነው። ከተመለሱ በኋላ አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም።

"ይሄኛው ደግሞ ሌላ ነው" አለች ማዳም። "መቼ አስተማርሻት?"



"ገና ሳትሰማ ነው፣ ማዳም።"

ማዳም ልጅቷን አየች፤ እኔን አየች። ልጇ መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ ለጥፋ ደረቴ ላይ ስትተኛ ስንት ጊዜ አይታለች። ቀስ ብላ መጣችና የቀዘቀዘ መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አሳረፈች።

"በይ" አለችኝ። "ነገ ሐኪሙ ጋ አንቺ ነሽ የምትመሪላት።"

መራሁ። ከግድግዳው በኩል መልሱ መጣ።