በሐጂ ድሱቂ መሳቢያ የቀረው ፊርማ

ዘይንሁም ግብፅ ውስጥ በጣንጣ ከተማ ፖስታ ቤት ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስኮት ይሠራል። በሃያ ዓመት አንድ ደብዳቤ ጠፍቶበት አያውቅም። የገዛ ፊርማውን ግን በሰው መሳቢያ ውስጥ ትቶ እንቅልፍ አጣ።

የሴት ልጁን የሙሽራ ዕቃ ደመንሁር ከተማ ለማድረስ ከአከራዩ ከሐጂ ድሱቂ መኪና ተከራየ። እንደ ወጉ ምንም ያልተሞላ የአደራ ደረሰኝ ላይ ፈረመ። መኪናው ካልተመለሰ አከራዩ የፈለገውን የገንዘብ መጠን ይሞላበትና አደራ በላ ብሎ ተከራዩን ያሳስራል። ዘይንሁም በሦስተኛው ቀን መኪናውን አሳጥቦ መለሰ። ሐጂ ቁልፉን ተቀብለው ሻይ ጋበዙት፤ ስለ ወረቀቱ ግን አላነሱም።

«ለምን አልጠየቅህም?» አልኩት።

«ሻያቸውን እየጠጣሁ አላምንዎትም ልበላቸው? ነገ እጠይቃለሁ።»

ቀኑ በረዘመ ቁጥር መጠየቁም ይበልጥ አሳፋሪ ሆነ። ፖሊስ ቴምብር ሊገዛ ሲመጣ ዘይንሁም ወደ እኔ መስኮት ይመራው ጀመር። ሚስቱ ነግላ ደግሞ አላስቀምጥ አለችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እስር ቤት ስንቅ የማመላልሰው እኮ እኔ ነኝ።»

በዓመቱ ሐጂ ሞቱ። መኪናው በደህና መመለሱን ከእሳቸው በቀር ያየ አልነበረም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳለ ዘይንሁም ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ልጃቸው ሩሽዲ ቢሞላበትስ? አላህ አይማራቸው፤ ጉድጓድ ከተውኝ ሄዱ።»

«ዝም በል፣ ቁርአን እየተቀራ ነው።»

ከአርባው በኋላ ሩሽዲ ዘይንሁምን ወደ አባቱ ቢሮ አስጠራው። ብቻዬን አልሄድም ብሎ እኔንም ጎተተኝ። በመንገድ ላይ ስለ ጠበቃ ሁለት ጊዜ፣ ስለ ነግላ ሦስት ጊዜ አወራኝ። እኔም ፈርቼ ነበር።

ሩሽዲ መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣ። ከፊርማው በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

«አጎቴ ዘይንሁም፣ ይኸው ንብረትዎ። አባቴ ሁሌ ያነሳዎት ነበር። ‹ሁሉም ቁልፉን ሳያስረክብ ወረቀቴን ይለኛል፤ ያመነኝ ዘይንሁም ብቻ ነው› ይል ነበር። ብመልስለት ይከፋዋል ብሎ ነው ያስቀመጠው።»

ዘይንሁም ወረቀቱን ተቀብሎ አጣጠፈው። ከቢሮው ወጥተን ብዙ ከተጓዝን በኋላ ቆመ።

«ድንኳን ውስጥ ያልኩትን ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም» አልኩት።

አላመነኝም።