ረዥሙና አጭሩ ጠመንጃ

የጊንጪው ጡረተኛ መምህር ኦቦ ፈየራ፣ ከጭልሞ ደን የሚወጣ ከርከሮ የድንች ማሳቸውን ሊጨርስባቸው ሲል የአደን ፈቃድ አወጡ። የመጀመሪያቸውን ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ሊመርጡም ከባለቤታቸው ከአዴ ደራርቱ ጋር ረዥምና አጭር ጠመንጃ ሊሸጥ ወዳቀረበው አዳኝ፣ ወደ ዳዲ ቤት ሄዱ። ዓይናቸው ያረፈው ሰደፉ በብር ያጌጠው ረዥሙ ላይ ነው። አጭሩን ዞር ብለውም አላዩት።

«አባ ለንሳ፣ እስቲ ከርከሮው እንደመጣ አስበህ ተንበርከክ» አሉ አዴ ደራርቱ ባላቸውን በልጃቸው ስም ጠርተው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

ተንበረከኩ፤ አነጣጠሩም። ለመነሳት ግን ጉልበታቸው እምቢ አለ። ጠመንጃውን ሊመረኮዙ ሲሉ ዳዲ «ኧረ ኦቦ፣ አፈሙዙ ይጎብጣል!» ብሎ ጮኸ።

«ከርከሮው እኮ በልቶ ሄደ» አሉ አዴ ደራርቱ። አጭሩን አንስተው ተንበረከኩ፣ አነጣጠሩ፣ ብድግ አሉ።

ኦቦ ፈየራ ከመሬት ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ አጭሩን ስጣት፤ ከርከሮውን እኔ አሳያታለሁ።»