የተለጠፈው መጨረሻ

ሰዎች ለልጆቻቸው መጽሐፍ ምረጭልን ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን ገጽ ነው። ሽፋኑን፣ ሥዕሉን፣ የፊደሉን መጠን ከዚያ በኋላ አያለሁ። የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች በሁለት ጣቶቼ ይዤ አሻቸዋለሁ፤ አንዱ ከሌላው ጋር አለመጣበቁን ሳላረጋግጥ መጽሐፉን ለማንም አልሰጥም። የሚያዩኝ ሰዎች የወረቀቱን ጥራት የምመረምር ይመስላቸዋል፤ እኔም አላርማቸውም።

በደርግ ዘመን ፍኖተ ሰላም ከተማ አስተማሪ ነበርኩ። ከወሎ ተመድቤ ነው የመጣሁት። ጠዋት አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት እጠብቃለሁ። ቤተ መጻሕፍት የምለው ለክብሩ ነው እንጂ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በኮምፔንሳቶ የተከፈለች አንዲት ክፍል ነበረች፤ አራት መደርደሪያና ሁለት አግዳሚ ወንበር ይዛለች።

አንድ ዓመት ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ለወጣት አንባቢያን የሚሰጡ መጻሕፍት አዝናኝና አስተማሪ መሆናቸው ይጣራ ይላል። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዳይሬክተሩ፣ ከቀበሌ የተላከ አንድ ወጣት ካድሬና እኔ። ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ጥሩነታቸው ግን ዝም በማለት ብቻ ነበር የሚታወቀው። ስለዚህ ምርጫው በእኔና በካድሬው መሃል ቀረ። እኔ የምመርጠው ልጆቹ ይስቁበታል ወይ፣ ይተክዙበታል ወይ፣ ሲጨርሱት ሌላ አምጪ ይሉኛል ወይ ብዬ ነው። እሱ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ ያደርግና «እሺ፣ ማዝናናቱን ያዝናናል። የሚያስተምረው ምንድን ነው?» ይለኛል። መልስ ያላገኘሁለት መጽሐፍ ወለሉ ላይ ይጣላል። ወለል ላይ የወደቀ መጽሐፍ መጨረሻው የት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በሳምንቱ ከባለሱቁ ዘንድ ስኳር ተጠቅልሎበት ይመለሳል።

ከሁሉ የምሳሳለት ሽፋኑ የጠፋ፣ ርዕሱን ማንም የማያውቀው አሮጌ ልብወለድ ነበር። ልጆቹ «የወታደሩ መጽሐፍ» ይሉታል። እናቱን ጥሎ ስለዘመተ ልጅ ነው የሚያወራው፤ እንደዚያ መጽሐፍ ያስቃቸው፣ እንደዚያም ያነታረካቸው አልነበረም። መጨረሻው ላይ እናትየዋ የልጇን መምጫ መንገድ ስትጠርግ ሽማግሌዎች በማለዳ መርዶ ይዘው ይመጣሉ፤ መጽሐፉም በለቅሶዋ ያልቃል።

ካድሬው መጨረሻውን አንብቦ ዘጋው። «ይኼ ወኔ ይሰልባል» አለኝ። «ወንድሙ ግንባር ላለ ልጅ ይኼን ታስነብቢያለሽ?»

ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ ያናደደኝም ከንቱ አለመሆኑ ነው። «ችግሩ መጨረሻው ብቻ ነው» አልኩት።

«እንግዲያስ መጨረሻውን አስተካክይው፤ ይቆያል።»

መቅደድ አልሆነልኝም። መጽሐፍ መቅደድ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ልብስ የመቅደድ ያህል ያስነውረኛል። ከስንዴ ዱቄት ሙጫ ቀቀልኩና የመጨረሻዎቹን አራት ቅጠሎች እርስ በርሳቸው ለጠፍኳቸው። በላያቸው ላይ ከደብተር የተቆረጠ ወረቀት ለጥፌ በራሴ እጅ ሌላ መጨረሻ ጻፍኩ። በእኔ መጨረሻ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ እናትየዋ ግን «ተሳስታችኋል፣ ልጄ አልሞተም» ብላ ትመልሳቸዋለች። መንደሩ ያማታል፤ እሷ አትበገርም። ክረምቱ ሲያልፍ ልጇ እያነከሰ ወንዙን ተሻግሮ ይመጣል። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ማንከሱን ስጨምርማ ራሴን አደነቅሁ፤ ያለ እንከን ቢመለስ ማንም አያምንም ብዬ ነው።

ከማንኩሳ በኩል የምትመጣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ከተማ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ዓርብ ወደ ቤቷ ሄዳ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። እናቷንም አውቃቸዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዋንዛ ሥር ፊደል ካስቆጠርኳቸው ሴቶች መካከል ነበሩ፤ ጠመኔ ሲይዙ ላብ የሚያጠምቃቸው፣ ግን አንድም ቀን ያልቀሩ። የልጅቷ ታላቅ ወንድም ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ልጅቷ ዝምተኛ ሆነች። ያን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውርጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። «ለእናትሽም አንብቢላቸው» ብዬ ጨመርኩበት። ከመጻሕፍቱ ሁሉ ለእሷ የመረጥኩት እሱን ነው።

ሳምንት ሄደ፣ ወር ሄደ፣ መጽሐፉን አልመለሰችም። እኔም አልጠየቅኋትም።

በግንቦት መጨረሻ የወንድሟ መርዶ መጣ ሲባል ከሌሎች ተማሪዎች ሰማሁ። ለቅሶ ለመድረስ ስዘጋጅ ልጅቷ ራሷ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ጥቁር አልለበሰችም፤ ጸጉሯም እንደተሠራ ነው።

«ለቅሶ የለም» አለችኝ። «ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ ተሳስታችኋል ብላ መለሰቻቸው። ልጄ ክረምቱ ሲያልፍ ይመጣል ትላለች።»

«ይህን ከየት አመጡት?» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼ ነው።

«ከመጽሐፉ።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩና «አይዞሽ» ብዬ ዘጋሁት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣው እንዴት እንደሚሆን ግን የነገረኝ አልነበረም።

ትምህርት ተዘጋ፣ ክረምት ገባ። ወደ አገሬ መሄድ ስችል አልሄድኩም፤ ዝናቡን እያዳመጥኩ ተከራይቼ በምኖርባት ክፍል ተቀመጥኩ። አንድ የገበያ ቀን፣ ሐምሌ ውስጥ፣ የልጅቷን እናት አውቶቡስ መቆሚያው ላይ አየኋቸው። ከቡሬ በኩል የመጣው አውቶቡስ ሰዎች እያወረደ ነበር። የወራጆቹን ፊት አልነበረም የሚያዩት፤ እግራቸውን ነበር። አንድ የሚያነክስ ሰው ሲወርድ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱና ቀና ብለው ፊቱን አይተው ተመለሱ። እኔ ጃንጥላዬን ፊቴ ላይ ደፍቼ በጭቃው ውስጥ ሸሸሁ። ያን ማንከስ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ አውቶቡስ ሲቆም ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሰው እግር ነው።

መስከረም ላይ ልጅቷ መጽሐፉን መለሰችልኝ። ከአግዳሚው ላይ አስቀምጣ መጨረሻውን ገለጠችው። የክረምቱ እርጥበት የስንዴ ሙጫዬን አላልቶታል፤ ወረቀቶቹ ሻጋታ ለብሰው ተላቀዋል። የታተመውን አንብባዋለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«መምህር፣ ወንድሜን ማልቀስ አልቻልኩም» አለችኝ። «እናቴ ዕንባዬን ካየች በቁሙ ልትቀብሪው ነወይ ትለኛለች። ፍትሐት አልተደረገለትም፣ አርባ አልወጣለትም። ጎረቤቱ ሊያፅናናን ፈርቶ አጥሩን ዞሮ ያልፋል። እኔ የማለቅሰው በርበሬ ስወቅጥ ነው። ያን ጊዜ ምን ሆንሽ አትለኝም።»

«መጽሐፉን አሳየሻቸው?»

«አላሳየኋትም። እኔ ብነግራት አታምነኝም። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

እሺ አልኩ። እሺ ካልኩም በኋላ ሦስት ቅዳሜ አሳለፍኩ፤ አንዱን ፈተና አርማለሁ ብዬ፣ አንዱን አመመኝ ብዬ፣ አንዱን ያለ ምክንያት። ጥቅምት ገብቶ በርበሬው ሲቀላ ልጅቷ ዓርብ ዕለት በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አብሬያት ወጣሁ፤ ማንኩሳ አደርን። ቅዳሜ ጠዋት ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ፣ በበቆሎ ማሳዎች መሃል፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ተጓዝን። መጽሐፉ በነጠላዬ ተጠቅልሎ ብብቴ ውስጥ ነበር።

ሴትየዋ ደጅ ላይ ሰሌን ዘርግተው በርበሬ ያሰጡ ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ግን ፊደል ስላስቆጠርኳቸው አንቱ ነበር የሚሉኝ። መቀመጫ አወጡልኝ። ልጅቷ አጠገባችን አልቆየችም፤ ወደ ጓሮ ዞረች። ትንሽ ቆይቶ የሙቀጫ ድምፅ ተሰማ። ማንም ወቅጪ አላላትም ነበር።

መጽሐፉን አውጥቼ ሰሌኑ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት።

«እናቴ፣ ይህን መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «የመጽሐፉ አይደለም። የመጽሐፉ ሌላ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«የአንቱን እጅማ እንዴት አጣዋለሁ። ያን ሁሉ ቀን ሰሌዳው ላይ ያየሁት ምን ነበርና? ልጅቱ መጀመሪያ ያነበበችልኝ ቀን ከእጇ ወስጄ አየሁት። የአንቱ ነው።»

«ታዲያ እያወቁ እንዴት አመኑት?»

አንድ በርበሬ አነሡና ጭራውን ቀንጥሰው መለሱት። «የታተመውን ማን እንደጻፈው አላውቅም» አሉ። «አንቱ ግን የመንግሥት ሰው ነዎት። ከነዚያ ጋር ይቀመጣሉ፣ ወረቀታቸውን ያያሉ። መርዶው ሲመጣ፣ ለካ ይኼን ኖሯል የላኩልኝ አልኩ። ልጄ እንዳለ ሰምተው፣ አፍ አውጥቶ መናገር ቢያስፈራዎ በመጽሐፉ አስገብተው የነገሩኝ መሰለኝ። ለሰው ያልተናገርኩት እንዳላስይዝዎ ብዬ ነው። ለልጅቱም አልነገርኳት።»

አምስት ወር ሙሉ እኔ ከእሳቸው ስደበቅ እሳቸው እኔን ሲደብቁኝ ከርመዋል። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ለጉልበታቸው ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቆሙኝ።

«ታዲያ» አሉኝ፣ «አንቺ የምታውቂው ነገር የለም?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሉኝ።

«የለም» አልኩ። «ምንም አላውቅም። ተረት ነው የጻፍኩት። ልጆቹ እንዲወዱት ብዬ ነው።»

መጽሐፉን አልነኩትም። ሰሌኑ ላይ ያለውን በርበሬ በእጃቸው ወደ አንድ ወገን ሰበሰቡና ለሰው መቀመጫ የሚሆን ቦታ አበጁ። ከዚያ ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከጓሮ የሙቀጫው ድምፅ ሳያቋርጥ ይሰማል። ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ዘነዘናውን አስቀምጪው። ይበቃል። ነይ፣ ወንድምሽን አልቅሺ።»

ውቀጣው ወዲያው አልቆመም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ።