እኔ ያላየሁት እንፋሎት

«አንቺ ያኔ አልተወለድሽም፤ ምን አገባሽ?» አለችኝ እህቴ ፊት ለፊት፣ አባታችን መሃላችን ተቀምጦ።

ነገሩ ስለ ሞተሩ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዳንቴል ላይ የሚቀመጥ፣ አንድ ዳቦ የሚያህል የእንፋሎት ሞተር አለን። አባቴ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሳሉትን አይቶ በእጁ የሠራው ነው። የውሃ ታንኩ ከተጣለ የላምባ ምድጃ የወጣ ነሐስ ነው። ከሥሩ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ይለኮሳል፣ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ዘንጉን ይገፋል፣ መዘውሩ ይዞራል። ይባላል። እኔ አላየሁም። አባቴ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ቢሮ ነው የዋለው፤ ሌላ የሠራው ዕቃ የለም።

ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የዞረው እኔ ሳልወለድ፣ በአንድ ጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አባቴ ለኮሰው። ትንሽ እንደዞረ የታንኩ ብየዳ ተከፈተና የፈላው ውሃ የእህቴን ክንድ አቃጠለው። ጠባሳው የባቄላ ፍሬ ያህላል። በየዓመቱ ለጊፋታ ሥጋው በሚያቃጥለው ዳጣ ሲበላ እጅጌዋን ትሰበስባለች፤ አባቴ «አይ ያቺ ቀን!» ይላል፤ ሁለቱ ተያይተው ይስቃሉ። እኔ ሥጋ እቆርጣለሁ። ሰው በቃጠሎ ይቀናል? እኔ እቀናለሁ።

እሷ አረካ ከተማ ታስተምራለች። እኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚሁ ሶዶ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። አባቴን ለዓይኑ ኦቶና ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ የዓይን ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነኝ። ፊቱ የሚበራው ግን ቅዳሜ እሷ ከሚኒባስ ስትወርድ ነው።

ዘንድሮ ሳሎኑን ቀለም ልናስቀባ ዕቃ ስናወጣ ሞተሩን አነሳሁት። ነሐሱ ጠቁሯል፣ ቀዩ ቀለም ተላጧል፣ መዘውሩ ደርቆ አልዞር አለኝ።

«አባ፣ እናሠራው?» አልኩት።

«እስቲ ጠይቂ» አለኝ።

እኔን አዘዘኝ! በጨርቅ ጠቅልዬ በረርኩ። ከሱቃችን አጠገብ ያለው ራዲያተር ጠጋኝ አገላብጦ አየው። «መዘውሩን በዘይት አላቅቀዋለሁ» አለ፤ «ይሄ ብየዳ ግን እሳት ላይ አይታመንም። እንዲሠራ ከፈለግሽ ታንኩ በአዲስ ይቀየር።»

ቅዳሜ ይህንኑ ለእህቴ ነገርኳት። ያኔ ነው ምን አገባሽ ያለችኝ።

«የእኔም አባት ነው እኮ!» አልኳት።

«ይሁና። ታንኩ ከተቀየረ ምኑ ይቀራል? ይሄን ብየዳ እይው፤ እዚህ ጋ ተንጋዷል። ይሄ የአባ እጅ ነው። አዲሱ የራዲያተር ጠጋኝ እጅ ነው።»

«የማይዞር ሞተር ምን ይሠራል? ሬሳ ነው።»

«ሬሳም ይከበራል» አለች።

አባቴ ሳቀ። እሷ ስትመልስ ሁሌ ይስቃል።

«አንቺ አይተሽዋል!» አልኩ። «የጠገበ ሰው ድስቱ ይከደን ይላል።»

«ይሄ ቅናት ነው።»

«ነዋ!»

እንዲህ እላለሁ ብላ አልጠበቀችም። የባሰው ግን ስለ ብየዳው ልክ መሆኗ ነው። ጣቴን አሳለፍኩበት፤ አንድ ቦታ ወፍሯል፣ አንድ ቦታ ሳስቷል፣ የተቻኮለ ተማሪ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። ልክ ባትሆን ይሻለኝ ነበር። አባቴ በሕይወት እያለ፣ ክብሪቱን ራሱ ጭሮ፣ ለእኔም አንድ ጊዜ እንዲያዞርልኝ ነበር የፈለግኩት። ሌላ ምንም አይደለም።

አባቴ ሞተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ዓይኑ እንደ ድሮ አይደለም፤ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ፈልጎ አገኘው።

«ልጄ» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ፤ «ባሳይሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይሄን ያጣበቅኩት እኔ ነኝ። ይሄ ከወጣ የእኔ የሚባል ምን አለው? እንዳለ ይቆይ። ቀለሙም አይነካ።»

«እሺ» አልኩ። ዝም ብዬ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። «ድምፁስ እንዴት ነበር?»

አባቴ ጉንጩን ነፋ። «ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ።»

«ኧረ አባ፣ አይደለም!» አለች እህቴ። «ቲስ ታክ፣ ቲስ ታክ ነበር።»

«እሱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ገና ሲሞቅ።»

«ያቺ ጎረቤታችንስ! ‹በኢየሱስ ስም!› ብላ ስትጮህበት!»

«እየገሠጸችው እኮ ነው! ጋኔን መስሏት!»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። አባቴ እንባውን በመዳፉ ጠረገ። እህቴ ክንዷን እንደ መዘውር ታዞራለች፤ እሱ «ፈጠን በይ! ከዚህ ይፈጥን ነበር!» ይላታል።

«አይፈጥንም!»

«ይፈጥናል እንጂ!»

ጃኬቴን ከወንበሩ ላይ አንስቼ፣ በሩ ጋ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።